አራት አዲስ ጎማ ለሁለት መኪና

መኪናዬ ዳሽቦርድ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት አለች። ቅርጿ ድስት ይመስላል፤ ድስቱ ውስጥ ቃለ አጋኖ ቆሟል። ትርጉሙ «ጎማሽ ንፋስ ጎድሎታል» ነው አሉኝ። ደግ፣ ሰው አንዴ ከተናገረ ይሰማል። የእኔዋ ግን ከተፋታሁበት ሳምንት ጀምሮ ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር ትበራለች። መጀመሪያ ብልጭ ድርግም እያለች ትሽኮረመምብኛለች፣ ቀጥሎ ድርቅ ብላ ታፈጥብኛለች። ድምፅ የላትም እንጂ ቢኖራት ኖሮ ደብረ ታቦር በሙሉ ይሰማት ነበር።

ጎሚስታው ሙላቴ ወደ ገሳይ ከተማ በሚያወጣው መንገድ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው። ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል፤ እጁም ቢሆን ሰነፍ አይደለም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አራቱንም ጎማ ለክቶ «ትንሽ ጎድሏል» አለና ሞላልኝ። መብራቷ አልጠፋችም። ስመለስ የሳሙና አረፋ በየጎማው እያፈሰሰ የሚተነፍስ ቀዳዳ ፈለገ። ሚስማር የለ፣ እሾህ የለ።

«ብርዱ ነው» አለኝ። «ጥቅምት አይደል? በውርጭ ንፋስ ይኮማተራል። አንቺ ደግሞ ስትነጂ ውለሽ ጎማው ከጋለ በኋላ ነው የምታስለኪው። ግለቱ ያታልለናል።»

«እና በሌሊት ልምጣልህ?»

«እኔ እመጣለሁ እንጂ። ሳታንቀሳቅሺው እንለካዋለን።»

እውነትም በማግስቱ ማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ፣ መለኪያውን ይዞ በሬን አንኳኳ። የመኪናው በር ጎን ላይ የተለጠፈው ቁጥር ምን ይላል፣ ጎማው ውስጥ ምን ያህል አለ፣ ሁሉን አስተያየ። ልክ ነው። አንድም የጎደለ ጎማ የለም። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ድስቷ ከነቃለ አጋኖዋ በራች።

«እንግዲህ ምን ልበልሽ፣ ጥቁር ፕላስተር ለጥፊባትና ተገላገይ። የከተማው ግማሽ እንደዚያ ነው የሚነዳ።»

«ፕላስተር ለቁስል ነው» አልኩትና አሰናበትኩት።

እኔና ባሌ የነበረው አለምነው ሁለት መኪና ነበረን። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ከዱባይ የመጡ፣ ታርጋቸው ባይኖር እኛ ራሳችን የማንለያቸው መንትዮች። ለሰርግ እናከራያቸው ነበር፤ ሙሽሮቹ በአንዱ፣ ሚዜዎቹ በሌላው። እሱ ሙሽሮቹን ይዞ ከፊት፣ እኔ ሚዜዎቹን ጭኜ ከኋላ። ሴት ሹፌር አይተው የማያውቁ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሰሞን ሚዜዎቹን «ልጆቼ፣ ንስሐ ገብታችኋል?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። በኋላ ለመዱኝ።

የተፋታነው በጠብ አይደለም። በጠብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሰው ሲናደድ አይናፍቅም። የአለምነው አባት ጉና ተራራ ላይ አረፉ። እናቱ «ባሌ የተቀበረበትን ትቼ አልወርድም» አሉ። መሬት ደግሞ አራሽ ካጣ የሌላ ነው። አንድ ልጅ ነውና «እንውጣ» አለኝ። እኔ በበኩሌ ኩዌት በሰው ጓዳ ወጣትነቴን የፈጀሁት፣ ደብረ ታቦር ላይ ቧንቧና መብራት ያለው የራሴ ቤት እንዲኖረኝ ብዬ ነው። ያንን ዘግቼ ከገብስና ከድንች በቀር የማይበቅልበት፣ ውሃ በባልዲው ላይ የሚረጋበት ቁር ልወጣ? አልወጣም አልኩ። አልቀርም አለ። እሱም እውነቱን ነው፤ እኔም እውነቴን ነው። አጥፊ በሌለበት ሽማግሌ ምን ብሎ ያስታርቃል?

ማስታረቅ ቢያቅታቸው ማካፈሉን ግን አሳምረው ያውቁበታል። ዋናው ሽማግሌ አያ አስናቀ ነበሩ። እሳቸው ሲያካፍሉ ሚዛናቸው ፀጉር አይስትም ይባላል። ቤቱ ለእኔ፣ በጎቹና ከብቱ ለእሱ፣ መኪናው አንድ አንድ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ሸጋ ነበር። ግን ግቢው ውስጥ ሲንጎራደዱ ዓይናቸው ጎማዎቹ ላይ አረፈ። ለአለምነው በደረሰው መኪና ላይ አራት አዲስ ጎማ አስገብተን ነበር፤ የእኔው መኪና ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ የሕፃን ጭንቅላት መስለዋል።

«አንዱ በአዲስ ጫማ፣ አንዱ በባዶ እግሩ? ይሄ እኩል አይደለም» አሉ አያ አስናቀ። «ሁለት አዲስ ለእሷ፣ ሁለት አዲስ ለእሱ። አሮጌዎቹም እንዲሁ።»

ሙላቴ ተጠራ። ጎማን ከብረቱ፣ ከቸርኬው ማላቀቅ ላብ ይጠይቃል፤ መኪኖቹ መንትዮች ስለሆኑ ከነቸርኬው ፈትቶ ከነቸርኬው አዛወረው። ሁለት አዲስ ከእሱ ወደ እኔ፣ ሁለት አሮጌ ከእኔ ወደ እሱ። ሽማግሌዎቹ «ይህን ያፈረሰ እግዜር ያፍርሰው» ብለው በግዝት አስረው፣ መርቀው ተነሱ። አለምነው አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት የተናገረው ሰው የእሱ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ጉና ወጣ። መኪናው እዚያ ድረስ ስለማይወጣ ገሳይ ዘመዱ ግቢ አቆመው። ሰርግ ሲመጣ ግን አሁንም ሁለታችንንም ነው የሚጠሩን። ሰው መንትያ መኪና ይፈልጋል እንጂ ነጂዎቹ ተፋቱ አልተፋቱ ምን አገባው። «አልሸሹም ዞር አሉ» እያሉ የሚስቁብንም ነበሩ።

ጥር ላይ፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰሞን፣ የመጀመሪያው ሰርግ መጣ። ሙሽራዋ የገሳይ ልጅ ናት። አለምነው በጠዋት መጥቶ ሙሽራውን ጫነ።

«እንዴት ነሽ፣ ጥሩነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እማማ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።»

ይኸው ነው። ስንት ዓመት አንድ ትራስ የተጋራን ሰዎች ያወራነው ይህን ብቻ ነው። ከዚያ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጥሩምባ እየነፋን ወጣን። ከተማውን ለቀን ትንሽ እንደሄድን ዓይኔ ዳሽቦርዱ ላይ ወደቀ። መብራቷ የለችም። አምፖሏ ተቃጥላ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ገሳይ ደርሰን፣ ሙሽራዋን ይዘን፣ ደብረ ታቦር ተመልሰን፣ ቀኑን ሙሉ ድርሽ ሳትል ዋለች። አመሻሹ ላይ አለምነው ወደ ገሳይ አቀና፤ እኔ ወደ ቤቴ። ሚዜዎቹን በየሰፈራቸው እያወረድኩ ሳለሁ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፣ ከዚያ በራች።

በሚቀጥለውም ሰርግ እንዲሁ ሆነ። ከሱ ኋላ ስሆን ትጠፋለች፤ ስንለያይ ትበራለች። እኔ የተአምር ሰው አይደለሁም። ግን ብቻዬን እየነዳሁ ስመለስ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ መንገዱ ዳር አቁሜ አለቀስኩ። ናፍቆኝ ነበር። ሻይ ሲጠጣ ስኳሩን ሳያማስል ጠጥቶ ከታች የቀረውን በማንኪያ ሲልስ፣ መኪና ሲያጥብ ሱሪውን አጥፎ እስከ ጆሮው ሲረጥብ፣ እኔ ስጮህ ዝም ሲለኝ፣ ያ የሚያናድደኝ ዝምታው ሳይቀር ናፍቆኝ ነበር።

ለሙላቴ ስነግረው ሊስቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«ቆይ፣ ቆይ። ሞተር ስታስነሺ ቀጥ ብላ ነው የምትበራ ወይስ ብልጭ ብልጭ ትላለች?»

«መጀመሪያ ብልጭ ብልጭ፣ ከዚያ ቀጥ።»

«ምነው ይህን ዛሬ? ንፋስ ሲጎድልማ ዝም ብላ ነው የምትበራ።»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ክሪኩን አስገብቶ የፊት ጎማውን ፈታ፤ ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀና ውስጡን አሳየኝ። ንፋስ በሚሞላበት ጫፍ በውስጥ በኩል የአውራ ጣት የምታክል ጥቁር ዕቃ ተጣብቃለች።

«ይቺ ናት ንፋሱን እየለካች ለመኪናው የምትናገር። እያንዳንዷን የሚያውቃት የገዛ መኪናዋ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ሲያጣድፈኝ ከነቸርኬው…» ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ያንቺ ሁለቱ እሱ ጋ ናቸው። የእሱ ሁለቱ አንቺ ጋ። ንፋስ አልጎደለም፤ መኪናሽ ጎማዎቿን አጥታ ነው። እሱ አጠገብሽ ሲነዳ ታገኛቸዋለች፣ መብራቷን ታጠፋለች። የእሱም መኪና እንዳንቺው ስታበራ ከርማለች ማለት ነው።»

ጎንበስ ብዬ ጥቁሯን ዕቃ በጣቴ ነካኋት። 

«ቀላል ነው እኮ፣ አለምነውን ጥሪውና እመልሰዋለሁ። ከነቸርኬው መልሶ መግጠም ነው።»

«ተወው።»

«ለምን?»

«የሽማግሌ ፍርድ ነው። አይፈርስም።»

ሙላቴ አየኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ግን ለአንድ ጊዜም ቢሆን አፉን ሰበሰበልኝ።

የጥርን ሰርጎች እንደዚያ አሳለፍኳቸው። ከኋላው እየነዳሁ፣ ዳሽቦርዴ ጨለማ፣ ልቤ ብርሃን። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባና ሰርግ ቆመ። መብራቷ ጾሙን ሙሉ በራች። አንድ የገበያ ቀን ድንች ልገዛ ነው ብዬ ገሳይ ሄድኩ፤ ድንች ደጃፌ ላይ ሞልቶ። በዘመዱ ግቢ በኩል ቀስ ብዬ አለፍኩ። መኪናው ሸራ ለብሶ ቆሟል። መብራቷ አልጠፋችም። ሙላቴ የቆመ ጎማ አይናገርም ብሎኝ ነበር፤ እያወቅኩ ነው የሄድኩት። ድንቹን ገዝቼ ተመለስኩ።

ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ይጀመራል ብዬ ስጠብቅ ሙላቴ ደወለ።

«አለምነው መኪናውን ሊሸጥ ነው። ገዢው የወረታ ሰው ነው፤ መብራቷን አይቶ ‹ይህ ሳይጠፋ አልወስድም› አለ። ምክንያቱን ነገርኩት፤ አለምነውም ጎማዎቹ ይመለሱ ብሏል።»

«ለምንድን ነው የሚሸጠው?»

«በሬ ሊገዛ ነዋ። ጉና ላይ መኪና ምን ያደርግለታል? እንግዲህ ለይቶለት ገበሬ ሊሆን ነው።»

ተናደድኩ። ስልኩን ዘግቼ ግድግዳውን ተሳደብኩ። እኔን ሳይነግረኝ? ደግሞስ ምን አገባኝ፤ ተፋትተን የለም? ግን ነገሩ ገብቶኛል። መኪናው ከተሸጠ ሰርግ የለም። ሰርግ ከሌለ አለምነው ከጉና አይወርድም። አይወርድም ማለት እስከ ዕድሜዬ ማብቂያ «እማማ ደህና ናቸው?» የምለው ሰው የለኝም ማለት ነው። ስንገናኝ የምለውን ሁሉ አዘጋጀሁ። ወጥ ሳማስል ለወጡ፣ መኪና ሳጥብ ለመኪናው ተናገርኩት።

ሙላቴ ግን «አያ አስናቀ ሳይመጡ ብሎን አልነካም» አለ። «ያፈረሰ እግዜር ያፍርሰው ተብሎበታል፤ እኔ ልጆች አሉኝ።» ስለዚህ ሽማግሌውን ከቤታቸው ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ከጎኔ ተቀምጠው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ተክለው መብራቷን በጥርጣሬ አዩዋት።

«ይቺ ናት ፍርዴን አልቀበልም ያለችው?»

«እሷ ናት፣ አያ አስናቀ።»

«ጉድ እኮ ነው! ስንት ባላገር ሰምቶኝ ያደረ፣ ብረት ይሽረኝ?»

አለምነው ቀድሞን ደርሶ ነበር። የጉና ጭቃ ያልለቀቀው ቦት ጫማ ተጫምቷል። ከስቷል፤ ፊቱን ብርድ አጥቁሮታል። ለአያ አስናቀ ዝቅ ብሎ ጉልበት ስሞ ተነሳ፤ ለእኔ እጁን ሰጠኝ። እጁ እንደ ቅርፊት ሻክሯል። ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ከዚያ እጅ ጋር ከአእምሮዬ ወጣ።

ሙላቴ ለሽማግሌው ጥቁሯን ዕቃ እያሳየ አስረዳቸው። በትዕግሥት አዳመጡት፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ላም ስናካፍል የምትጠባ ጥጃን ከእናቷ አንለይም። ይኸ ብረት ነው ብለን ተሳሳትን። ደግ፣ ከግዝቱ ፈትቻችኋለሁ። ቀይረው።»

ሙላቴ ሁለቱንም መኪና በክሪክ አነሳ። ሁለቱን ከእኔ፣ ሁለቱን ከእሱ ፈታ። ጎማዎቹ መሬት ላይ ተጋድመው፣ መኪኖቹ እግራቸው ተቆርጦ ተያዩ። አያ አስናቀ ኮምፕረሰሩ አጠገብ ባለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሽማግሌም ሰው ነው፣ ይስታል። ነገሩ ከተነሳ አይቀር፣ ሌላ ያጣመምነው ካለ አሁን ተናገሩ። ሁለተኛ አልመጣም፤ ጉልበቴ አይችልም።»

 አለምነው ቦት ጫማውን ያያል። እኔ፣ ሰው ሲናገር የማላስጨርስ ሴት፣ የተፈቱትን ብሎኖች እቆጥራለሁ። አንድ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ።

«የለም? እንግዲያው ግጠም» አሉ ሽማግሌው። ሙላቴ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጎማ አነሳ።

«አንድ ነገር አለ» አልኩ።

ሦስቱም ዞሩ።

«ቤቱን ለእኔ ሰጡኝ፣ አያ አስናቀ። ቧንቧው ይወርዳል፣ መብራቱም ይበራል፣ ምንም አልጎደለበት። ግን ማታ ማታ የምጨቀጭቀው ሰው የለም። አልቻልኩም።»  ሙላቴ ሰምቷል ማለት እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ ይስማ። ወደ አለምነው ዞርኩ። «ናፍቀኸኛል። ያ የወረታ ሰው ከፈለገ የኔን መኪና ይውሰድ። ባንተው ገሳይ ድረስ እንሄዳለን፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ እወጣለሁ። ብርዱን አልችለውም፣ ስነጫነጭብህ ነው የምትከርመው፣ ከአሁኑ ልንገርህ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቤቴ እወርዳለሁ። ከፈለግህ እንዲህ ነኝ፤ ካልፈለግህ ሙላቴ ይግጠምና እንሂድ።»

 አያ አስናቀ ሊናገሩ ሲሉ አለምነው እጁን አነሳ፤ ሽማግሌ ሲያቋርጥ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

«በሬ አልገዛም» አለ። «በሬ አለኝ። ለሙላቴ በሬ ያልኩት ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው።» ዓይኑን ከቦት ጫማው አንስቶ አየኝ። «መኪናውን የምሸጠው፣ በመስታወቱ አንቺን ከኋላዬ እያየሁ መንዳት ስላቃተኝ ነው። እንግዲያው ሰውየው ያንቺን ይውሰድ።»

 ከሙላቴ እጅ ጎማውን ተቀብሎ ወደ እኔ መኪና ይዞት መጣና ተንበረከከ። እኔም አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አቀብለው ጀመር።